የሐዋርያው ልብስ፣ የንጉሡ ፊት



ባለፈው ወር በቅዳሜ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ላይ ደርሰን ነበር። ስለ ሐዋርያው ቶማስ ስንነጋገር አንድ ሥዕል በስልኬ ከፍቼ ለልጆቹ አሳየኋቸውና «ይህ ማን ይመስላችኋል?» አልኳቸው። አንዷ እህታችን «ልብሱን ሳየው ሐዋርያ ነው» አለች። ከጎኗ የተቀመጠው ወንድም ደግሞ «ፊቱን ግን እዩት፤ ይህ ሰው ማዘዝ የለመደ ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሁለቱም ግን ልክ ነበሩ። ልብሱ የሐዋርያው የቶማስ ነው። ፊቱ የፈረንሳይ ንጉሥ የቀዳማዊ ፍራንሷ ነው።

ሥዕሉ ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የሉቭር ሙዚየም ይገኛል። የሠራው ሊዮናር ሊሞዛን የተባለ የሊሞዥ ከተማ ሰው ነው። ጊዜው 16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሸራ ወይም በእንጨት ላይ የተሣለ እንዳይመስላችሁ፤ በመዳብ ላይ በቀለጠ መስታወት የተሠራ ነው። ይህ ጥበብ ኢናሜል ይባላል።

ኢናሜል ለእናንተም ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በአያቶቻችሁ ቤት ነጭ ሆኖ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ የብረት ሳህን አይታችሁ ይሆናል። ሲወድቅ ነጩ ይላጥና ከሥሩ ጥቁር ብረት ብቅ ይላል። ያ ነጩ ሽፋን ኢናሜል ነው፤ በብረት ላይ ቀልጦ የተጣበቀ መስታወት ማለት ነው። የሊሞዥ ሰዎች በዚሁ ነገር ሥዕል ይሠሩበት ነበር። ከተማቸው በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን በኢናሜል ባጌጡ የቤተ ክርስቲያን ዕቃዎች በአውሮፓ ሁሉ ትታወቅ ነበር። በ1370 በጦርነት ተዘረፈች። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ግን ጥበቡ በአዲስ መልክ ተነሣ፤ አሁን በመዳብ ላይ ልክ እንደ ሥዕል በብሩሽ መሣል ጀመሩ።

አሠራሩን ላስረዳችሁ፤ ወደ ኋላ ለምንነጋገረው ነገር ይጠቅመናል። ስስ የመዳብ ዝርግ በመዶሻ ይቀጠቀጥና መኻሉ በትንሹ ጎበጥ እንዲል ይደረጋል። መስታወት ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል። ቀለሙን የሚሰጡት ከመስታወቱ ጋር የሚቀላቀሉት ማዕድናት ናቸው፤ ኮባልት ሰማያዊ፣ መዳብ አረንጓዴ፣ ማንጋኒዝ ሐምራዊ ያወጣል። ዱቄቱ ርሶ በመዳቡ ላይ ይቀባና ወደ እቶን ይገባል። ሙቀቱ ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ዱቄቱ ይቀልጥና ከመዳቡ ጋር አንድ ይሆናል። ያወጡትና ሌላ ቀለም ይጨምሩበታል፤ እንደገና ወደ እሳት ይገባል። ብዙ ሙቀት የሚችለው ቀለም አስቀድሞ፣ የማይችለው በኋላ፣ ወርቁ በመጨረሻ ይደረጋል። በእያንዳንዱ ጊዜ ሥራው ሊሰነጠቅ፣ ቀለሙም ሊበላሽ ይችላል።

ማንም የማያየው ጀርባው እንኳ በመስታወት ይሸፈናል። መዳብና መስታወት ሲቀዘቅዙ እኩል አይሰበሰቡም፤ ጀርባው ባዶ ከቀረ ፊት ለፊት ያለው ሥዕል ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል። ባለሙያው የሚታየውን ለማዳን የማይታየውንም ይሠራል ማለት ነው። እኔ በዚህ ጥበብ ሳልደነቅ አላልፍም። እናንተም «የዓለም ነገር ነው» ብላችሁ በችኮላ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። በሸራ ላይ የተቀባ ቀለም በብርሃን ብዛት ይደበዝዛል። ይህ መስታወት ግን ከአራት መቶ ሰባ ዓመት በኋላም ትናንት ከእቶን እንደወጣ ያበራል። እጅ ይህን እንዲሠራ ብልሃትን የሚሰጥ እግዚአብሔር መሆኑን ከባስልኤል ታሪክ ተምረናል (ዘጸ. 31፥1–5)።

ስለዚህ በሥራው ጥራት ላይ ቅሬታ የለኝም። ጥያቄዬ ስለ ፊቱ ነው።

ንጉሥ ፍራንሷ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት በኢናሜል እንዲሠሩለት አዘዘ። ንድፉን ሚሼል ሮሽቴል የተባለ ሠዓሊ አዘጋጀ፤ ሊሞዛን በመዳብና በእሳት ሠራው። ሥራው በ1547 ሲጠናቀቅ ንጉሡ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ሞቶ ነበር። ልጁ ዳግማዊ ሄንሪ አሥራ ሁለቱን ሥዕሎች ለወዳጁ ለዲያን ደ ፗቲዬ ሰጣት፤ አኔ በሚባለው ግንቧ ውስጥ ተቀመጡ። ዛሬ ሻርትር ከተማ ውስጥ ይገኛሉ። እኛ የምንመለከተው የሉቭሩ ቶማስ ከዚሁ ሥራ ጋር የሚዛመድ ነው። የንጉሡን መልክ ለማረጋገጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዣን ክሉዌና ቲሽያን የሣሏቸው የፍራንሷ ሥዕሎች በዚያው በሉቭር ስላሉ ያ ረጅም አፍንጫና ያ ጢም ወዲያው ይለያል።

ንጉሡ የቅዱስ መልክ ሲይዝ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1518 ገደማ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ክሉዌ በመጥምቁ ዮሐንስ አምሳል ሥሎታል። ነገሩ በዘመኑ ያልተለመደ አልነበረም። ያዘዘውና የከፈለው ሰው ፊት በቅዱሳን ሥዕል ውስጥ ይገባ ነበር።

በጥናታችን ላይ አንዱ ወንድም «ታዲያ ምን አለበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እስቲ ለንጉሡ እንከራከርለት።

አንደኛ፣ የቶማስን ፊት ማንም አያውቀውም። ወንጌል የሐዋርያትን መልክ አልጻፈልንም። ሠዓሊ ግን ያለ ፊት መሣል አይችልም፤ የአንድን ሰው ፊት መዋስ ግድ ነው። ከጎረቤት ከተዋሰ ከንጉሥ ቢዋስ ምን ልዩነት አለው?

ሁለተኛ፣ የተመረጠው ሐዋርያ ቶማስ ነው። ንጉሡ የፈለገው ራሱን ከፍ ማድረግ ብቻ ቢሆን ጴጥሮስን ከነመክፈቻው ሊይዝ በቻለ ነበር። ቶማስ ግን የተጠራጠረው ሰው ነው። ምናልባት ንጉሡ «እኔም እንደ እርሱ ነኝ፤ ማመን የከበደኝ ነኝ» ማለቱ ይሆን? እንዲህ ከሆነ ትልቅ ትሕትና ነው። እኛም ቃሉን ስናነብ የምናደርገው ይኸው ነው። ራሳችንን በጠፋው ልጅ ቦታ፣ በጴጥሮስ ቦታ፣ በቶማስ ቦታ አስቀምጠን እናነባለን።

ይህን ሁለተኛውን መከራከሪያ ለብዙ ቀን አሰብኩበት። ልቀበለውም ፈልጌ ነበር። የሰውን ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ስለሆነ የንጉሡን ልብ አልፈርድበትም። ሥዕሉን ግን መመርመር እንችላለን። ሥዕሉን ደግማችሁ ስታዩት አንድ ነገር እንደጎደለው ትደርሱበታላችሁ። ቁስሉ የለም።

የቶማስን ታሪክ አስታውሱ (ዮሐ. 20፥24–29)። የችንካሩን ምልክት ካላየሁና እጄን ካላገባሁ አላምንም አለ። ከስምንት ቀን በኋላ ጌታ መጣና ቁስሉን አሳየው። ቶማስም ጌታዬና አምላኬ ብሎ መሰከረ። ታሪኩ ያለ ክርስቶስ እጅና ጎን ታሪክ አይሆንም። ቶማስን ቶማስ ያደረገው የቆሰለው ጌታ ነው። በዚህ ኢናሜል ላይ ግን ቶማስ ለብቻው ቆሟል። የሚያየው ቁስል፣ የሚዳስሰው ጎን፣ የሚመሰክርለት ጌታ በፊቱ የለም። ጥርጣሬው ተወስዶ ክብሩ ብቻ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ቶማስ ማንንም ንጉሥ አያሳፍርም።

«ሐዋርያትን ለየብቻ መሣል የዘመኑ ልማድ ነው» ልትሉኝ ትችላላችሁ። እውነት ነው፤ አሥራ ሁለቱም ለየብቻ ነው የቆሙት። በሌሎቹ ላይ ጉዳቱ ያን ያህል አይሆንም። በቶማስ ላይ ግን፣ ያውም የንጉሥ ፊት ሲጨመርበት፣ ልማዱ ትርጉሙን ይለውጠዋል። ሥዕሉን የሚያይ ሰው ዓይን ከሐዋርያው አልፎ ወደ ክርስቶስ የሚሄድበት መንገድ የለውም። የሚሄደው ወደ ንጉሡ ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ፊት ከታሪክ ጋር እናስተያየው። ለእኛ ለወንጌል አማኞች ሩቅ ታሪክ አይደለም።

ፍራንሷ መጥፎ ሰው ብቻ አልነበረም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ወደ አገሩ የጠራ፣ በ1530 ዕብራይስጥና ግሪክኛ የሚያስተምሩ የንጉሥ መምህራንን በፓሪስ ያቋቋመ ሰው ነው። እህቱ ማርጌሪት ለተሐድሶ ሰዎች ከለላ ነበረች፤ እርሱም በመጀመሪያ ሲታገሣቸው ነበር። በጥቅምት 1534 ግን የቅዳሴን ሥርዓት የሚቃወሙ ጽሑፎች በሌሊት በፓሪስና በሌሎች ከተሞች ተለጠፉ። ንጉሡ ተቆጣ። በጥር 1535 ራሱን ተከናንቦ ሳይሆን ገልጦ፣ በእጁ ሻማ ይዞ፣ በፓሪስ ጎዳና በሰልፍ ሄደ። በዚያው ቀን ስድስት ሰዎች በእሳት ተቃጠሉ።

በዚያ ጊዜ ከአገሩ ከተሰደዱት አንዱ ጆን ካልቪን ነው። በ1536 ያሳተመው ታላቁ የክርስትና ትምህርት መጽሐፉ የሚጀምረው ለዚሁ ለንጉሥ ፍራንሷ በተጻፈ ደብዳቤ ነው። ካልቪን በደብዳቤው ስለሚሰደዱት አማኞች ይማልዳል። ዓመፀኞች አይደሉም፣ ጉዳያቸው ይሰማላቸው ይላል። ንጉሡ ግን አልሰማም። ከዓመታት በኋላ፣ በሚያዝያ 1545፣ በንጉሡ ፈቃድ ወታደሮች በደቡብ ፈረንሳይ በሜሪንዶልና በአካባቢው መንደሮች የሚኖሩ ዋልደንሳውያንን ገደሉ፤ መንደሮቻቸውን አቃጠሉ፤ የተረፉትን ወንዶች ብዙዎቹን በመርከብ ላይ ቀዛፊ ባሪያ አደረጓቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን የሐዋርያቱ ሥዕል ሊጠናቀቅ ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር።

ጌታ በደማስቆ መንገድ ሳውልን «ለምን እነርሱን ታሳድዳለህ» አላለውም፤ የሚሳደደው እርሱ ራሱ እንደሆነ ነገረው (ሐዋ. 9፥4–5)። እንግዲህ ቁስሉ በሥዕሉ ውስጥ ባይኖርም በንጉሡ አገር ነበር። በሜሪንዶል ነበር። በፓሪስ አደባባይ ነበር። የቶማስን ፊት የያዘው ሰው የክርስቶስን ቁስል ለማየት ወደ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።

ሊሞዛንን አልወቅስም፤ የታዘዘውን በሚያስደንቅ ብልሃት ሠርቷል። እንዲያውም ለእኔ ከሁሉ የሚሻለው መልስ ያለው በእርሱ በራሱ ሌላ ሥራ ላይ ነው። በ1553 በፓሪስ ለሴንት ሻፔል ቤተ ጸሎት ሁለት የመሠዊያ ሥዕሎችን በኢናሜል ሠራ፤ አንዱ ስቅለትን፣ ሌላው ትንሣኤን ያሳያል። እነርሱም ዛሬ በሉቭር ናቸው። በእነዚህም ላይ ፍራንሷና ልጁ ሄንሪ አሉ። ግን የማንንም ሐዋርያ ልብስ አልለበሱም። በራሳቸው ስምና በራሳቸው ልብስ፣ ከሚስቶቻቸው ጋር፣ ከታች ተንበርክከዋል። መኻሉን የያዘው ክርስቶስ ነው። ያው ሠዓሊ፣ ያው መዳብ፣ ያው እሳት፣ ያው ንጉሥ ነው። አንዱ ሥዕል ግን ንጉሡን በቅዱሱ ቦታ ያቆመዋል፤ ሌላው ንጉሡን በጌታ ፊት ያንበረክከዋል። ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሚናገር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ይህን ስጽፍ ግን ከሩቅ አገር ንጉሥ ላይ ጣቴን ቀስሬ መቅረት አልችልም። የራሴን ልንገራችሁ።

ከስምንት ዓመት በፊት ለትንሣኤ በዓል ስለ ቶማስ አንድ ድራማ ጻፍኩ። አዘጋጁም እኔ ነበርኩ። አልባሳቱን የገዙልን አንድ የአጥቢያችን አባት ነበሩ። ልጃቸው በድራማ ቡድኑ ውስጥ ነበር። ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ እሳቸውም አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኔው ራሴ ልጃቸውን ቶማስ አደረግኩት። የቶማስን ቃል በሙሉ በቃሉ አጥንቶ የመጣ ሌላ ልጅ ነበር። በጥናት ላይ ጥያቄ የሚያበዛ፣ አንድ ቀንም «ጋሼ፣ እኔ እንደ እናንተ ማመን እየከበደኝ ነው» ያለኝ ልጅ ነው። እርሱን መጋረጃ እንዲስብ አደረግኩት። ቶማስን የተጫወተው ወንድም ቆንጆ ድምፅ ነበረው፤ ልብሱም አምሮበት ነበር። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። መጋረጃ የሳበው ልጅ ለጥቂት ሳምንታት መጣና ቀረ።

የቀረው በዚያ ምክንያት ብቻ ነው አልልም። ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅኩት። ፈገግ ብሎ «መጋረጃ መሳቡ አልከፋኝም ጋሼ» አለኝ። «የከፋኝ ቶማስ ምንም ጥያቄ እንደሌለበት ሰው ሆኖ ሲናገር መስማቴ ነው። ታዲያ እኔ የት ልግባ?»

ይህ ልጅ ስለ ሊሞዛን ሥዕል ሰምቶ አያውቅም። እኔ በብዙ አንቀጽ ልነግራችሁ የደከምኩበትን ግን በአንድ ጥያቄ ተናገረው። ቶማስ በወንጌል ውስጥ የተቀመጠው የሚጠራጠር ሰው የሚገባበት በር እንዲሆን ነው። በሩን በከፈለልን ሰው ፊት፣ ወይም በምናከብረው ሰው ፊት፣ ወይም በራሳችን ፊት ስንሸፍነው በሩ ይዘጋል። ውጭ የሚቀረው ደግሞ እውነተኛው ቶማስ ነው።

ስለዚህ መዝሙር ስትቀርጹ፣ ድራማ ስትሠሩ፣ ለጉባኤ ማስታወቂያ ሥዕል ስታዘጋጁ፣ ምስክርነት ስትጽፉም ሁለት ነገር እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ። እዚህ ላይ የተቀመጠው ፊት የማን ነው? ቁስሉስ የት አለ? በማስታወቂያችን ላይ የሰባኪው ፎቶ ከመስቀሉ አሥር እጥፍ ሲተልቅ፣ በመዝሙር ክሊፓችን ላይ ልብሳችንና መኪናችን ብቻ ሲታይ፣ በምስክርነታችን ውስጥ ጥርጣሬያችንና እንባችን ተቆርጦ ድላችን ብቻ ሲነገር፣ እኛም ያንኑ ኢናሜል እያነጠርን ነው። ምናልባት ያማረ ይሆናል፤ ምናልባትም ብዙ ዘመን ያበራል። ቶማስ ያየውን ግን አያሳይም።

ጥራትን አትናቁ። እንደ ሊሞዛን ሥሩ፤ የማይታየውን ጀርባ እንኳ ሳይቀር በትጋት ሥሩ። ሥራውን ስታጠናቅቁ ግን መኻሉን ለጌታ ልቀቁለት፤ እናንተ ከታች በራሳችሁ ስም ተንበርከኩ። በቡድናችሁ ውስጥ ጥያቄ የሚያበዛ፣ መጋረጃ የሚስብ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ካሉ ደግሞ በሚቀጥለው ትንሣኤ የቶማስን ቃል እነርሱ ይናገሩት።

ጸጋው ይብዛላችሁ።